ደንበኛዬ ሥዕሉን አይተው «ቆንጆ ነው» አሉ፣ ስልክ ላይ ሲነኩት ግን ጠፋባቸው። ክሊክ የሚደረግ ፕሮቶታይፕ ያዋጣል?

ፒያሳ_ላይ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር ለአንዲት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ዌብሳይት እየሠራሁ ነው። ባለቤቷ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጎበዝ ነጋዴ። ስድስት ስክሪን በፊግማ (በዲዛይን መሥሪያው ፕሮግራም) ሠርቼ ምስሉን በቴሌግራም ላክሁላቸው። በማግስቱ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ቀጥሉበት» ብለው መለሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ኮድ ለሚጽፈው ጓደኛዬ አስረከብኩ። ሦስት ሳምንት ሠራ።

ከዚያ ስልካቸው ላይ ከፍቼ ሰጠኋቸው። «እስቲ እትዬ፣ እንግዳ ነኝ ብለው ለጥምቀት አንድ ክፍል ያስይዙ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ። የቀን ሳጥኗን ነኩ። ጃንዋሪ የሚል ወጣ። ጣታቸው እዚያው ቆመ።

«ጥር የት አለ?»

«ጃንዋሪ 19ን ይንኩ፣ እሱ ነው ጥር 11።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ።» ወደ ኋላ ሊመለሱ የስልኩን መመለሻ ነኩት። የሞሉት ሁሉ ጠፋ። ስልኩን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ቡና ትጠጣለህ?» አሉኝ። ያቺ ቡና ከስድብ ባሰችብኝ።

አሁን የማስያዣው ክፍል እንደገና ሊሠራ ነው። ጓደኛዬ አኩርፏል። መጀመሪያውኑ እየተነካ የሚሄድ ፕሮቶታይፕ ብሠራ ይሄ ይቀር ነበር? ወይስ ለዚህች ሥራ ጊዜ ማባከን ነው? ክፍያው እንደምታውቁት ነው። የሳቸውም ስልክ አሮጌ አንድሮይድ ነው።


የማራኪዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ይቀር ነበር። ሥዕል አይቶ የማይስማማ ሰው የለም። እንደ ሰርግ ካርድ ነው የሚያየው። ቆንጆ ነው ይልህና ኪሱ ይከተዋል። ግራ መጋባቱ የሚወጣው እጁ ሥራ ሲጀምር ነው። እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለደንበኛ ስክሪንሾት ልኬ አላውቅም። የፕሮቶታይፑን ሊንክ ነው የምልከው።


ሴሚኮለን · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

አልስማማም። የፊግማ ፕሮቶታይፕ እኮ የሥዕል ሰንሰለት ነው። ይሄን ስትነካ ያ ይመጣል፣ አለቀ። በተለመደው አሠራር ሳጥን ውስጥ መጻፍ እንኳ አይቻልም። ሰውየው ሳጥኑን ሲነካ ስም የተሞላበት ሌላ ሥዕል ይመጣለታል። የቀን መምረጫውም ያው ነው፤ ዲዛይነሩ ወደ ቀጣዩ ሥዕል የሚወስድ ቀስት ያሰረባት አንዲት ቀን ብቻ ትሠራለች። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ከሆነ ታዲያ ምኑን ነው የሚፈትነው?

እኔ ብሆን ሻካራ ነገር ቀጥታ የዌብ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል ጽፌ አሳያለሁ። የእንግሊዝ መንግሥት ለራሱ ዌብሳይቶች ያዘጋጀው የፕሮቶታይፕ ኪትም በኤችቲኤምኤል ነው። ምክንያቱም ሰው እውነተኛ ሳጥን ውስጥ ሲጽፍ የሚሳሳተውን ስህተት ሥዕል ላይ አይሳሳትም። እናንተ ሁለት ቀን ሙሉ ቀስት ስታገናኙ እኔ ፎርሙን አቁሜዋለሁ።

በነገራችን ላይ ሦስት ሳምንት የጻፈውና ያኮረፈው ሰው እኔ ነኝ። ይታወቅልኝ።


ፒያሳ_ላይ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡11

ወይኔ ጉዴ! እዚህም አለህ እንዴ?


የደባርቅ_መንገድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ግን የምትከራከሩት ስለ መሣሪያው ነው። እስቲ እኔ ወደ ስሜን ተራሮች እንግዳ ለሚወስድ አስጎብኚ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፊግማን አልከፈትኩም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ስልክ በሚያህል መጠን ቆረጥኩ። ዘጠኝ ቁራጭ። ገጾቹን በእርሳስ ሣልኩ። ከዚያ አንድ ሾፌር፣ አንድ አስጎብኚና አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ በየተራ ፊቴ አስቀመጥኩ። እነሱ ወረቀቱን በጣት ይነካሉ፣ እኔ አነሳና ቀጣዩን አስቀምጣለሁ። ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይተው ግን ረሱት። ሾፌሩ ወረቀቱን እንደ ስልክ ወደ ላይ ሊያንሸራትት ሲሞክር ከጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ይኸው ሾፌር «የመነሻ ሰዓት» የሚለው ጋ ሲደርስ 12 ብሎ ጻፈ። ልክ ነው። ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማልዶ ነው የሚወጣው። ቦታውን የምታስይዘው ግን ከውጭ የመጣች እንግዳ ናት። ለሷ 12 ማለት ቀትር ነው። ሾፌሩ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ እሷ ገና እንቅልፍ ላይ ናት። ይሄን ችግር ያገኘሁት በአንድ ወረቀትና በአንድ ሻይ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነበር። «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ብሎ በጉልህ፣ ከሥሩ ደግሞ የፈረንጁን 6 ሰዓት ከትንሽ የፀሐይ ምልክት ጋር ማስቀመጥ። ኮድ ከተጻፈ በኋላ ቢሆን ዳታቤዙ ውስጥ የትኛው ሰዓት እንደተቀመጠ ስንፈልግ እንከርም ነበር።

ፊግማው ከዚያ በኋላ መጣ። እሱም ለአንድ መንገድ ብቻ። ጉዞ መምረጥ፣ ቀን፣ ስም፣ ክፍያ፣ «ተመዝግቧል»። አለቀ። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ቀስት አያስፈልገውም፤ እዚያ ገብቶ የጠፋ ሰው አላየሁም። ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጀው ሁሉንም በተን ከሁሉም ገጽ ጋር ሲያገናኝ ነው። ከዚያ ፕሮቶታይፕ ጊዜ ያባክናል ይላል።

ሌላው ጽሑፉ ነው። እባካችሁ ያንን ትርጉም የለሽ የላቲን መሙያ ተዉት። «ቡክ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል አራት ፊደል ናት፣ በተኗ ውስጥ ተንደላቃ ትቀመጣለች። «ክፍል ያስይዙ» ስትሉ ግን ወይ ለሁለት መስመር ትሰበራለች ወይ ጠርዙን አልፋ ትፈሳለች። የኛ ፊደል ወርዱም ሰፊ ነው፣ በመስመሮች መሀልም አየር ይፈልጋል። ይሄ የሚታየው እውነተኛው አማርኛ ሲገባ ብቻ ነው።

ፎንትም አለላችሁ። ፊግማ ላይ የመረጣችሁትን ፎንት ፕሮቶታይፑ በደንብ ያሳያል። ዌብሳይቱ ላይ ግን ፎንቱ ካልተጫነ ስልኩ የራሱን ያመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ ከ300 በላይ ምልክት ስላለው ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል። ኮድ ጸሐፊውን ሳትጠይቁ ሦስት ዓይነት ፎንት አትምረጡ።


ቴዎድሮስ_ካምፓስ · ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ይቅርታ፣ ተማሪ ነኝ። እናንተ ዲዛይነሮች ዋየርፍሬም፣ ሞክአፕ፣ ፕሮቶታይፕ ትላላችሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሦስቱም አንድ ይመስሉኛል።


የማራኪዋ · ረቡዕ፣ ቀን 6፡45

ዋየርፍሬም አጽሙ ነው፣ ቀለም የለው ፎቶ የለው። ሞክአፕ ለብሶና አጊጦ የቆመው ነው፣ ግን አይናገርም። ፕሮቶታይፕ ስትነካው የሚመልስልህ ነው። በእርሳስ የተሣለ ቢሆንም፣ የደባርቋ እህታችን ወረቀት ራሱ ፕሮቶታይፕ ነው። ማማሩ መለኪያ አይደለም።


አዘዞ_ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ፕሮቶታይፕ ከመጠን በላይ ሲያምር ጉድ ይሠራል።

ለአንድ ካፌ ሠራሁ። ወጣትነት ነው፣ ሁሉም ነገር ይንሸራተታል፣ ይደበዝዛል፣ ብቅ ይላል። ፎቶው እውነተኛ፣ ዋጋው እውነተኛ። ባለቤቱ አሥር ደቂቃ ነካካውና «አልቋል እኮ! ሁለት ወር የምትለኝ ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ። እንዴት ላስረዳው? ከኋላው ምንም የለም ብል ያታለልኩት መሰለው። ቀሪውን ክፍያ ልቀንስ አለ። ያ ሳያንስ ሊንኩን ለወዳጆቹ በተነው። አንዱ ሁለት ክትፎ «አዝዞ» ሲጠብቅ ዋለ። አመሻሹ ላይ የተደወለው ለኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮቶታይፔ ግራጫ ነው። ፎቶ ባለበት ቦታ አራት ማዕዘን። አናቱ ላይ «ለሙከራ ብቻ፣ አይሠራም» የሚል ወፍራም ጽሑፍ። ቀለም የምጨምረው መንገዱ ከጸደቀ በኋላ ነው። ውሉም ላይ ፕሮቶታይፕ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ፣ የራሱ ዋጋ ተቀምጦለት ይጻፋል።


ፒያሳ_ላይ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ክትፎው ላይ በጣም ሳቅኩ፣ ይቅርታ። ግን የኔ ባለቤት ግራጫ ሳጥን ባሳያቸው «ገንዘብ የከፈልኩት ለዚህ ነው?» ይሉኛል።


አዘዞ_ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡12

አንድ ገጽ ቀለም ቀብተህ ለብቻው አሳያቸው፣ ልባቸው ይረፍ። ግራጫውን ደግሞ እንዲነኩት ስጣቸው። ሁለቱን አታደባልቅ።


ሴሚኮለን · ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

እሺ፣ ወረቀቷን ወደድኳት። ግን ሦስት ሰው አይታችሁ ነው «ሕዝቡ እንዲህ ነው» የምትሉት? ስንት ሰው ነው የሚበቃው?


የደባርቅ_መንገድ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡25

የዌብሳይት አጠቃቀም አጥኚው ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ 5 ሰው ይበቃል ይላል። በሱ ስሌት 5 ሰው ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያወጣል። 15 ሰው ባንዴ ከማስፈተን ይልቅ በአምስት አምስት ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ እያረሙ። ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩ አሉ፣ ክርክሩን ለነሱ ልተወው። ዋናው ግን ተጠቃሚዎችህ ሁለት ዓይነት ከሆኑ ከየወገኑ ሦስት አራት ያስፈልጋል። ጎንደር ላይ ደግሞ ሁሌም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ ለጥምቀት የሚመጣ፣ ሌላው ፋሲል ግቢን ሊያይ ባሕር አቋርጦ የመጣ።

ከቁጥሩ የሚከብደው ዝም ማለት ነው። ሰው ፊትህ ሲቸገር እያየህ እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥ። እኛ ዘንድ ይሄ ነውር ነው። እንግዳ በር ጠፍቶት ሲንከራተት ዝም የሚል ማን አለ? «እሱን ሳይሆን ታችኛውን» ማለት ያምርሃል። ካልክ ግን ፈተናው እዚያው አበቃ። እኔ አፌ እንዲዘጋ ቆሎ እይዛለሁ። ቀልዴን አይደለም።

ይሉኝታው ደግሞ ከዚያ ይብሳል። «ወደድሽው?» ብለህ ብትጠይቅ ማንም አልወደድኩም አይልህም። ለፍተሃል፣ ልጅ ነህ፣ ሻይ ጋብዘሃል። ስለዚህ አትጠይቅ። ሥራ ስጠው። «ለጥር 10 ማታ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዝ» በለውና ጣቱን እይ። ጣት ይሉኝታ አያውቅም። የሚያመነታበትን፣ የሚመለስበትን፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋበትን ጻፍ።


ሻይ_በሎሚ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡50

ስለ ኔትወርክ ማንም ምንም አላለም! ባለፈው ደንበኛ ቢሮ ደርሼ ሊንኩ አልከፍት ብሎኝ አንድ ሰዓት ያህል ስለ አየር ሁኔታ አወራን።


የማራኪዋ · ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

ከቤት ሳትወጣ በራስህ ስልክ ከፍተህ መጨረሻ ገጽ ድረስ አንዴ ሂድበትና ሳትዘጋው ሂድ። ፎቶዎቹን አሳንስ። ካሜራ ያነሳውን አራት አምስት ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ የሚጥሉ ሰዎች አሉ፤ አሮጌ ስልክ እሱን ሲጎትት ይነጋል። የተቀዳ ቪዲዮም መጠባበቂያ ይሁንህ። ለማሳየት ብቻ ግን፣ ቪዲዮ አይነካም።

መሣሪያውንም አታምልኩት። ኢንቪዥን የሚባለውን የፕሮቶታይፕ መሣሪያ ስንቱ የሙጥኝ ብሎት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። አዶቢም የራሱን መሣሪያ ኤክስዲን ማሳደግ አቁሟል። ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ስምምነቱ ፈረሰ። ክፍት ምንጭ የሆነውን ፔንፖት ብትፈልጉ ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። መቀስና ወረቀት ደግሞ ማንም አይዘጋባችሁም።


ፒያሳ_ላይ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

በቃ ገብቶኛል። ሴሚኮለን፣ ከኩርፊያህ ውጣና ከሰዓት እንገናኝ። ማኪያቶ በኔ።


ሴሚኮለን · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡04

ሁለት ማኪያቶ።


ፒያሳ_ላይ · ቅዳሜ፣ ማታ 1፡20 (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሥራውን ተካፈልነው። እኔ በፊግማ ሰባት ግራጫ ስክሪን ሠራሁ፣ የማስያዣውን መንገድ ብቻ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ሴሚኮለን ደግሞ የቀን መምረጫዋን ብቻ በኤችቲኤምኤል ጻፋት፣ የእውነት የምትነካ። ላይዋ ላይ «ጥር» እና «ጃንዋሪ» የሚል መቀያየሪያ አላት። ፈተናው ቀኑ ጋ ሲደርስ ስልኩን ተቀብዬ የሱን ገጽ እከፍትና እመልሳለሁ። ስፌቱ ይታያል፣ ግን ማንም ግድ አልሰጠውም።

አምስት ሰው አየሁ። ባለቤቷን፣ እንግዳ ተቀባይዋን፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ ካፌ ውስጥ ያገኘኋቸውን ሁለት ፈረንጆች። ከየወገኑ በቂ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እህቴ፣ አትቆጪኝ።

እትዬ ጥር 11ን ራሳቸው አገኟት። ነኩና ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላልኩም። ቆሎ ይዤ ነበር።

የባጃጁ ልጅ ስሙን ሞላና «የቤተሰብ ስም» ከሚለው ሳጥን ላይ ተገተረ። «ማንን ልጻፍ፣ አባቴን ነው አያቴን?» አለ። እኔ ይሄን ሳጥን በስንት ዌብሳይት ላይ ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። አሁን «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ሆኗል።

እንግዳ ተቀባይዋ «በቴሌብር ይክፈሉ» የሚለውን ነካችና የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣች። መልእክት እየጠበቀች ነው! «ብር ተቆረጠብኝ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። አዘዞ፣ «ለሙከራ ብቻ» የሚለው ጽሑፍ አናቱ ላይ ነበር። ማንም አያነበውም። ክፍያው ገጽ ላይ ለብቻው እንደገና መጻፍ አለበት። ፈረንጆቹ በበኩላቸው ቴሌብር ሲያዩ ቆሙ። አንደኛው ስደርስ ብከፍልስ አለ። ያ አማራጭ ጭራሽ አልነበረንም፣ ጨምረናል።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። አምስቱም፣ አንድ ሳይቀር፣ የክፍሉን ፎቶ ነኩት። ያውም ግራጫ ሳጥን ነው፣ «ፎቶ» ተብሎ ተጽፎበታል። ነኩት፣ ጠበቁ፣ ደግመው ነኩት። እኔ እዚያ ቀስት አላሰርኩም።


ሴሚኮለን · ቅዳሜ፣ ማታ 1፡45

የኔንም ልናገር፣ እንዳልሸሽ። ብራውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። በብራውዘሩ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ ካሌንደሩን ኢትዮጵያዊ አድርገህ ስትጠይቀው ቀኑን ጥር ብሎ ይሰጥሃል። መምረጫ ሳጥኑን ግን ራስህ ነው የምትሠራው። ይሄን ስጽፍ የድሮውን ኮዴን ከፈትኩ። ለጥምቀት ልዩ ዋጋ ብዬ ጃንዋሪ 19ን በእጄ አስገብቼው ነበር፣ ለሁልጊዜው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይመጣል። ከተማው በሙሉ እንግዳ ሲሞላ የኛ ዋጋ በአንድ ቀን ይሳሳት ነበር።


አዘዞ_ነኝ · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡05

ዋናው ኮድ ውስጥ ሳይገባ የተገኘ ስህተት፣ በማኪያቶ ዋጋ። አልተጎዳችሁም።


ቴዎድሮስ_ካምፓስ · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡30

የፕሮቶታይፑን ሊንክ ብትለጥፉልን ለመማር ያህል?


ፒያሳ_ላይ · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡34

የደንበኛ ነው ወንድሜ፣ አይሆንም። ሰኞ ከሰዓት ፒያሳ ና፣ አሳይሃለሁ። እንዲያውም ስድስተኛ ሰው ትሆነኛለህ።


ሴሚኮለን · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡50

ፎቶው ሲነካ ምን ይምጣ? ወስናችሁ ንገሩኝ፣ ነገ እጽፈዋለሁ።


ፒያሳ_ላይ · ቅዳሜ፣ ማታ 2፡58

ሌሎቹ የክፍሉ ፎቶዎች። መጀመሪያ ግን መታጠቢያ ቤቱ። አምስቱንም ምን ፈልገው እንደነኩት ስጠይቃቸው አራቱ ያሉት እሱን ነው። እትዬም ጭምር፣ የራሳቸው ቤት ሆኖ።